የቶይባ አንድ ዓይን

ኅዳር ገብቶ የጠዋቱ ብርድ ጣት በሚቆረጥምበት ወራት መርሳ ብርቱካን ብርቱካን ትሸት ነበር። ዛሬ ለተወለደ ሰው ይህን ቢነግሩት አያምንም። ግራና ከሚባለው አገር በኩል ብርቱካኑ በአህያም በሰው ጫንቃም ይመጣል፣ አውቶቡስ የሚቆምበት ሜዳ ላይ ይዘረገፋል፣ ልጣጩ መሬቱን ያለብሰዋል፤ ፀሐይ ወጣ ስትል ልጣጩ ይሞቅና ሽታው ሳይጠሩት ከቤት ቤት ይገባል። በዚያ ወራት የልጅ ሁሉ እጅ ይጣበቃል፣ የልጅ ሁሉ ከንፈር በብርድ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀውን ከንፈር የብርቱካኑ ውሃ ሲነካው ያንገበግባል፤ ቢያንገበግብም የሚተወው የለም። ዙልፋ የልጅነቷን ነገር ስታነሳ ሁልጊዜ ከዚያ ከንፈር ነበር የምትጀምረው። ይጣፍጣል፣ ያቃጥላል፤ ሁለቱም ባንድ አፍ።

እናቷ ቶይባ ብርቱካን ሻጭ ነበረች። ቁመቷ ረጅም ስለሆነ ሌሎቹ ሴቶች ድንጋይ ላይ ወጥተው የሚደርሱበትን የአውቶቡስ መስኮት እሷ ቆማ ትደርስበታለች። ከአስመራ የሚመጣው ሾፌርም ከአዲስ አበባ የሚመጣውም ስሟን ባያውቅ «ረጅሟ የታለች?» ይል ነበር። እንቅቧን በሁለት እጇ ወደ ላይ ታነሳለች፣ አንገቷ ይመዘዛል፣ ቢጫ ሻሿ ወደ ኋላ ሸርተት ይላል። ዙልፋ ከሥሯ ቆማ፣ የሚወድቅ ካለ ለመልቀም፣ ወደ ላይ ታያታለች።

ዙልፋ ስምንት ዓመት የሆናት ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው ከአዲስ አበባ ተነስቶ በመርሳ በኩል ሊያልፍ ነው ተባለና ከተማው ሽር ጉድ አለ። አውቶቡስ ከሚቆምበት ፊት ለፊት የእህል መጋዘን ነበር፤ ግንቡ የድንጋይ፣ ረጅም፣ የቆርቆሮው ክፈፍ ሰፊ ስለሆነ ክረምት ክረምት መንገደኛ የሚጠለልበት። ያ ግንብ ኖራ ተቀባና ሥዕል ይሥልበት ዘንድ ገበየሁ የሚባል ሰው ከወልድያ መጣ። ገበየሁ በለጋነቱ ቤተ ክርስቲያን ሲሥል ያደገ፣ ኋላ ግን የሻይ ቤት ሰሌዳ እየጻፈና የጭነት መኪና በር ላይ አንበሳ እየሣለ የሚኖር፣ ዝም የሚያበዛ ሰው ነበር። ማንንም ቁም ተቀመጥ አላለም። ከግንቡ ባሻገር ዋርካው ሥር ተቀምጦ ሰዉን ሲያይ ይውልና በማግስቱ ያየውን ይሥላል። በግራ ጫፍ ሙሽራ በበቅሎ ከነአጃቢዎቿ ሣለ። መሐል ላይ ሰማያዊ አውቶቡስ ሣለ። በቀኝ ጫፍ፣ ወደ አውቶቡሱ መስኮት እንቅብ ያነሳች ረጅም ሴት ሣለ፤ ቢጫ ሻሽ፣ አንገቷ ላይ ጥቁር ጨሌ። ማን ናት ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ገበያ የወጣ ሁሉ «ቶይባን አያችኋት?» እየተባባለ ነበር የሚመለሰው።

ትልቁም ሰው መጣ። መጋረጃ በተጋረደ መኪና አቧራውን አስነስቶ አለፈ። ግንቡን ይየው አይየው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

የቶይባ ታላቅ ወንድም አብዱልሐሊም ቁርኣን የቀራ ሰው ነበርና ነገሩ አልጣመውም። ነፍስ ያለውን ነገር የሣለ ሰው የቂያማ ዕለት «በል እንግዲህ ነፍስ ንፋበት» እንደሚባል ለእህቱ ነገራት፤ አንቺስ ያን ዕለት ምን ትያለሽ ብሎ አፋጠጣት።

«ነፍስ ከተነፋባትማ እሰየው» አለች ቶይባ። «እሷ ትሽጥ፣ እኔ ልረፍ።»

ቤቱ በሳቅ ወደቀ። አብዱልሐሊምም አፉን በጋቢው ጫፍ ሸፈነ፤ እየሳቀ እንደነበር ግን ትከሻው ያሳብቅበት ነበር።

ነገር የመጣው ከዓይኑ ነው። ቶይባ ወደ አውቶቡሱ ዞራ የተሣለች ስለሆነ ለሚያያት ሰው የሚታየው የፊቷ አንድ ወገን ብቻ ነበር፤ ዓይኗም አንድ። ለእስላሙ ምንም አልመሰለውም። ከእነዙልፋ ቤት አጠገብ ግን ሱቅ የነበራቸው ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ልጃቸው አሰለፈች የዙልፋ እኩያ ናት፤ ባንድ ሜዳ ይጫወታሉ፣ ባንድ ቀን ይጣላሉ፣ በዚያው ቀን ይታረቃሉ። አሰለፈች ግንቡን ትክ ብላ አየችና እናትሽን ሰይጣን አደረጋት እኮ አለቻት።

«ለምን?» አለች ዙልፋ።

«አንድ ዓይን ነዋ። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ጻድቅ ሁለት ዓይን ነው ያለው። አንድ ዓይን ያለው ይሁዳና ሰይጣን ብቻ ነው። ሄደሽ እይ።»

ሄዳ ልታይ አትችልም። በማግስቱ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «አንድ ዓይና፣ አንድ ዓይና» እያለ ተከተላት። ዙልፋ ቤት ገብታ ከምድጃ ከሰል አነሳች፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርባ ወጣች፣ ከእናቷ ጆሮ አጠገብ ሌላ ዓይን ሣለች። ዓይን ግን አልመሰለም፤ የተረገጠ ጉንዳን መሰለ። ዞር ስትል ገበየሁ ቆሟል። የበቅሎዋን ልጓም ሊጨርስ ብሩሹን ይዞ ነበር።

ጥፊውን ጠበቀች። እሱ ግን ከኪሱ ደረቅ ዳቦ አወጣ፣ ቅርፊቱን በላ፣ የውስጡን ፍርፋሪ ጠቅልሎ ከሰሉን ቀስ እያለ ይፈትገው ጀመር። ከሰሉ ለቀቀ፤ የቶይባ ጉንጭ እንደነበረ ተመለሰ። ያኔ የተናገረው ነገር፣ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ ዙልፋን ካነጋገራት ነገር ሁሉ የበዛው ነበር።

«ከሰል በዳቦ ይለቃል። በውሃ ልጠበው ብለሽ ቢሆን ኖሮ ግን እናትሽም አብራ ትሄድ ነበር። ቀለሜን የምለውሰው ከቆዳ በሚቀቀል ሙጫ ነው፤ ፀሐይ አይፈራም፣ ውሃ ይፈራል። ክፈፍ ሥር ያደረግኋትም ለዚህ ነው። ሰማሽ?»

ሰማሁ አለችው። ልጅ የሆነ ሰው የሚሰማውን ያህል ሰማች።

ቶይባም ልጇ እያለቀሰች መዋሏን ሰምታ እንቅቧን እንደያዘች መጣችና ለምን አንድ ዓይን እንዳደረጋት ጠየቀችው። ገበየሁ አፈረ። እጄ ለምዶ ነው እንዳይል እጁ የለመደው ምን እንደሆነ ያውቃል። በክፉ እንዳላሰባት፣ ዞራ ስላያት ብቻ እንደሣላት ነገራት፤ ከፈለግሽ ፊትሽን አዙሬ በሁለት ዓይንሽ እሥልሻለሁ አላት።

«ከዞርኩማ ብርቱካኑን ማን ያቀብልልኛል፣ ጋሼ ገበየሁ? ይተዉት» አለች ቶይባ። ከዚያ ወደ ልጇ ጎንበስ ብላ፣ «ይኸኛው ዓይኔ ሥራ ላይ ነው። ያኛው በወዲያ በኩል ነው፤ አንቺን ይጠብቃል» አለቻት።

ዙልፋ ያን ዕለት መጋዘኑን ዞራ ከጀርባው ሄደች። ድንጋይ ብቻ ነበር። በሌላም ቀን ሄደች፤ ያው ድንጋይ። ለብዙ ጊዜ ሰው ሳያያት እየሄደች ታይ ነበር።

ዙልፋ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ቶይባ በወሊድ ሞተች፤ በቃሬዛ ወደ ወልድያ ይዘዋት ሲሄዱ መንገድ ላይ። ፎቶ አልነበራትም። ፎቶ የሚያነሳው ሰው ያለው ወልድያ ነው፤ አንድ ጊዜ ተነሺ ሲሏት፣ እኔ ግንብ ላይ አለሁ ብላ ሳትነሳ ቀረች። ከጀናዛው በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ዙልፋ የእናቷን እንቅብ አንስታ እዚያው ግንብ ሥር ቆመች። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ድንጋይ ያስፈልጋት ነበር።

ዘመን ሄደ። ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣ ግንቡ ላይ መፈክር ይጻፍ ተባለ። ከግራ ጀምረው ሙሽራዋንና በቅሎዋን በቀይ ሸፈኗቸው፤ አውቶቡሱ አጠገብ ሲደርሱ ቀለሙ አለቀባቸው። ሌላ ቀለም ይመጣል እየተባለ ሳይመጣ ቀረ። ዙልፋ ይህን ስታወራ ትስቅ ነበር፤ አብዮቱ እናቴ ዘንድ ሲደርስ ደከመው ትላለች። ኋላም ብርቱካኑ ታመመ፤ ቅጠሉ እየረገፈ ዛፉ ቆሞ ደረቀ። እሷም ማንጎ ሸጠች፣ ሽንኩርት ሸጠች፣ ባል አገባች፣ ባሏን ቀበረች፣ ልጇን ነኢማን አሳደገች። የዒድ ዋዜማ በመጣ ቁጥር ደረቅ ዳቦ ይዛ ሄዳ የእናቷን ፊት ታብሳለች። የእርሻ መድኃኒት ማስታወቂያ ከተለጠፈበት ትልጣለች፤ የለቅሶ ወረቀት ከሆነ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ዳቦውን አንድም ዓመት አልረሳችም። ዳቦ ለምን እንደሆነ ግን፣ እጇ እንጂ ልቧ አያስታውሰውም ነበር።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ለሰው የማትነግረው። ዓይኗን ጨፍና እናቷን ስትጠራ የምትመጣላት በሕይወት የነበረችው ቶይባ አይደለችም። የግንቧ ነች። ያቺኛዋ መቼ እንደሄደች አታውቅም፤ አንድ ቀን ፈለገቻት፣ የለችም። ስለዚህ ዙልፋ እናት አለኝ የምትለው ግንቡ እስካለ ድረስ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ በወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያ ይሰማ ጀመር። ሰው ፍራሹን፣ ፍየሉን፣ አሮጊት እናቱን ይዞ በመርሳ ያልፋል። የሚያልፈው ሁሉ ወሬ ይጥላል። አንዱ የጣለው ወሬ፣ ተዋጊዎቹ በገቡበት ሁሉ መልክ ያለውን ነገር እየመረጡ ይተኩሱበታል፣ ሰሌዳ ላይ ያለ ሥዕል እንኳ አይተርፍም የሚል ነበር። እውነት ይሁን ውሸት ማን ያጣራል። ነኢማ ልጆቿን አልብሳ፣ ጓዟን ጠቅልላ፣ የአንድ ዘመድ አይሱዙ ላይ ቦታ ለምና ስትመለስ እናቷ ቤት የለችም።

ግንቡ ሥር ነበረች። እህል ከነቀዝ የሚድነው ጎታው በእበት ሲለቀለቅ ነው፤ ቤት ከነፋስ የሚድነው ሲመረግ ነው፤ የሀብሩ አገር ሴት የምትወደውን ከክፉ የምትሸሽግበት ሌላ ጥበብ አታውቅም። ዙልፋም ጥቁር አፈርና ጭድ ቀላቅላ፣ እበት ጨምራ፣ በባልዲ ውሃ እያፈሰሰች በእግሯ ረግጣ አብኩታው ነበር። መጀመሪያ ግንቡን በውሃ አራሰችው፤ ደረቅ ግድግዳ ጭቃ አይዝም። ከዚያ ከአውቶቡሱ ጀምራ ትመርግ ገባች። እጇ እንደ ወጣት እጅ ነበር፤ አንድ ጣት ታህል ቦታ አላስተረፈችም።

አሰለፈች ጉልበቷ የታመመ፣ የትም አልሄድም ያለች፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታያታለች።

«ልጅሽ ከነልጆቿ መኪና ላይ ናት፣ አንቺ ቤት ትመርጊያለሽ» አለቻት። «ሠርገኛ ልትቀበይ ነው?»

«አፍሽን ይዘሽ ውሃ አቀብይኝ።»

አሰለፈች እያነከሰች ውሃ አቀበለቻት። መጨረሻ የቀረው ፊቷ ነበር፤ ከፊቷም ዓይኗ። ዙልፋ ጭቃውን በመዳፏ እንደያዘች ጥቂት ቆመች። «አብሽሪ እማ» አለችና ሸፈነችው።

አይሱዙው ጥሏቸው ሄደ። ነኢማ ትንሿን ልጅ አዝላ፣ ትልቋን እየጎተተች፣ እናቷን ከኋላ አስከትላ እስከ ውርጌሳ በእግር ሄዱ። ውርጌሳ ሲደርሱ ነኢማ፣ ሞታ ላለቀች እናት ብለሽ በሕይወት ያለነውን ልታስጨርሽን ነበር አለቻት። ዙልፋ ጥፍሯ ውስጥ የገባውን ጭቃ ታያለች።

ደሴ ትምህርት ቤት ውስጥ ተቀመጡ። ጥቅምት ላይ ከደሴም ተነሱ፤ ኮምቦልቻን አልፈው ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዱ፤ ላስቲክ ሥር በብርድ ከረሙ። ተፈናቃዩ ሲሰባሰብ ጥሎት የመጣውን ያወራል፤ አንዱ ላሙን፣ አንዱ ቤቱን፣ አንዷ ያልተሰበሰበ ማሽላዋን። ዙልፋ «እኔስ እናቴን ጭቃ አልብሻት ነው የመጣሁ» አለች። ሰዉ ቀብራ የመጣች መስሎት ያጽናናት ጀመር፤ አንዲት ሴት ዱዓ አደረገችላትና መች ነው የሞቱት ብላ ጠየቀቻት።

«ሃምሳ ዓመት አለፋት» አለች ዙልፋ።

ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ነኢማን ለብቻዋ ጠርተው፣ እናትሽን ሐኪም አሳያት ይሏት ነበር።

ጥር 2014 ተመለሱ። ቤታቸው በሩ የለም፣ ጣራው ግን አለ። የመጋዘኑም በር የለም፣ ውስጡ ተጠርጓል። ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ግድግዳው በጥይት ተወንፍቷል። ግንቡ ግን አንድ ጭረት አልነካውም። ጭቃው ደርቆ፣ ነጣ ብሎ፣ እንዳለ ቆሟል። አሰለፈች ከስታለች፤ ዙልፋን አቅፋ ብዙ አለቀሰችና፣ እኛን እንጂ ጭቃሽን ዶሮ እንኳ አልጫረውም አለቻት። ዙልፋ «አልሐምዱሊላህ» ብላ መሬቱን ሳመች። በዚያ ክፉ ጊዜ ውስጥ ስትስቅ ያያት ሰው ካለ ያን ዕለት ነው።

ጭቃውን ከዳር በቢላዋ ጫፍ አነሳችው። በቀላሉ ለቀቀ፤ ቂጣ ከምጣድ እንደሚነሳ ተላቆ ወጣ። ሥሩ ያለው ግን ሰማያዊ አልነበረም። ድንጋይ ነበር። አሁንም አነሳች፤ ድንጋይ። እጇ ላይ ያለውን ቁራጭ ገልብጣ አየችው፤ ሰማያዊው እዚያ ነው። አውቶቡሱ ከነመስኮቱ ግንቡን ለቆ ጭቃው ላይ ተለጥፏል፤ ጭቃው ደግሞ ጭዱ ሲላቀቅ በእጇ ላይ ይፈርሳል።

ተይው አለቻት አሰለፈች፤ ያላነሳሽው ባለበት ይቅር። ዙልፋ ግን ማቆም አልቻለችም። ምናልባት ከፊቷ ላይ አልለቀቀ ይሆናል ብላ ቀጠለች። እንቅቡ ሄደ። ቢጫው ሻሽ ሄደ። መዳፍ የምታህል አንዲት ቁራጭ ስታነሳ ዓይኑ ከነቅንድቡ፣ ከነአፍንጫዋ ጥግ እዚያች ቁራጭ ላይ ወጣ። ግንቡ ላይ ሳለች ወደ አውቶቡሱ ታይ የነበረችው፣ ጭቃው ላይ ወደ ሌላ ወገን ዞራ ነበር።

ያችን ቁራጭ ሰፌድ ላይ ጥጥ አንጥፋ አስቀመጠቻት። ገበየሁ ከሞተ ቆይቷል፤ ወልድያ ግን ሮማን የምትባል ልጁ አባቷ ቤት እንደምትኖር ሰምታ ነበርና ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ በሚኒባስ ሄደች። መንገዱን ከባድ መኪና አርሶታል፤ መኪናው በነጠረ ቁጥር እሷ ሰፌዱን ወደ ላይ ታነሳለች። ሮማን በደንብ ተቀበለቻት፤ አልጋ ላይ አስቀመጠቻት። ጥጡን ሲገልጡት አፈር ነበር፤ አፈሩ ውስጥ እዚህም እዚያም ጥቁርና ቢጫ ነጠብጣብ።

ዙልፋ ሌላ ነገር ጠየቀች፦ ገበየሁ ግንቡ ላይ ከመሣሉ በፊት ወረቀት ላይ ይሞክር እንደሆነ።

«ይሞክር ነበር እማማ» አለች ሮማን። «ካርቶን ሙሉ ወረቀት ትቶልን ነበር። በነዚያ ወራት መብራት የለ፣ ከሰል የለ፣ ውጭ ወጥቶ እንጨት መልቀም የለ። አንድ በአንድ እያነደድኩ ለልጆቼ ቆሎ ቆላሁበት። የሰው ፊት ያለበትን ለመጨረሻ አቆይቼው ነበር። አፉ ይበሉኝ።»

ዙልፋ አፉ ብያለሁ ልጄ አለቻት። ሮማን አፈሩን በጣቷ እየነካች፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ፣ ውሃ ነክቶት ነበር እንዴ ብላ ጠየቀች። ያኔ ነው። ደረቁ ዳቦ፣ ቅርፊቱን ሲበላ የተንቀሳቀሰው መንጋጋው፣ ሰማሽ ሲላት ሰማሁ ማለቷ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣ። የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ያልረሳች ሴት፣ ያን አንድ ቃል ስድስት ወር ቀድሞ ማን ባስታወሳት። ጥይት ያልነካውን፣ ደርግ ያልጨረሰውን፣ በገዛ ባልዲዋ አጠበችው።

ከወልድያ ስትመለስ ሌላ ሰው ነበረች። አትበላም ባይባልም ምግቡ አይታያትም። ጠዋት ጠዋት ግንቡ ፊት ለፊት ትቀመጣለች። ዓይኗን ስትጨፍን የሚመጣላት ድንጋይ ሆነ። አንድ ቀን አሰለፈች አጠገቧ ተቀምጣ ሳለ፣ እናቴ አፍንጫዋ እንዴት ነበር ብላ ጠየቀቻት። አሰለፈች ቀጥ ያለ ነበር አለች። ቅንድቧስ? ቀጭን። ጉንጯ ላይ ምልክት ነበራት? አሰለፈች አሰበች፤ አላውቅም አለች። ከዚያ ልቧን ልታሳርፍላት ብላ ይመስላል፣ «ቆንጆ ነበረች እኮ ዙልፋዬ። ሁለቱ ዓይኖቿ ግንቡ ላይ ሆነው ሲያዩሽ...» አለች።

ዙልፋ ቀና ብላ አየቻት።

«አንድ ነበር» አለች። «አንቺ አይደለሽ ሰይጣን ናት ያልሽኝ?»

«እኔ?» አለች አሰለፈች። «እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም። ምነው ዙልፋ።»

አልዋሸችም፤ ረስታዋለች። ዙልፋም ገባት፤ ስድቡን እንኳ የሚያስታውስላት ሰው አልቀረም። ተጣልተው አይደለም፣ ግን ያን ቀን ሁለቱም ሳይሰነባበቱ ተነሱ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ዙልፋ አንድ ነገር አሰበች። ግንቡ ላይ ቶይባ አንድ ዓይን የነበራት ከዚህ ወገን ለሚያያት ነው። እንቅቡን ወደ መስኮት ስታነሳ ፊቷን ሙሉ፣ ሁለት ዓይኗን ያዩት አውቶቡሱ ውስጥ የተቀመጡት ናቸው። ሰውየውም ይሁን ሴትየዋ፣ ዛሬ ሰማንያ ዘጠና ዓመት ቢሆናቸውም፣ አንድ ብርቱካን ገዝተው የሄዱ አንድ ሰው የትም ይኑር አይጠፋም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መርሳ ላይ የሚቆመውን መኪና ሁሉ እየዞረች ሽማግሌ ስታይ ትጠይቃለች፤ በንጉሡ ጊዜ በዚህ ያልፉ ነበር? ረጅም ብርቱካን ሻጭ ያስታውሳሉ? አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ለምጽዋት መስሎት እጁን ኪሱ ይከታል። ነኢማ ታፍራለች፤ እጇን ይዛ ወደ ቤት ትመልሳታለች።

ነሐሴ 2014 ላይ ጦርነቱ በቆቦ በኩል እንደገና ተነሳ ተባለና ሰው ዳግመኛ መነቀል ጀመረ። በዚህኛው ዙልፋ ማንንም አላስጠበቀችም። የምትሸፍነው ነገር የላትም። ከሁሉ ቀድማ አይሱዙ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፤ በግንቡ በኩል ሲያልፉም ዞራ አላየችውም። ነኢማ ይህን አይታ እናቴ ተሻላት ብላ ነበር።

ውርጌሳ ላይ መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ቆሙ። ሰዉ ወርዶ እግሩን ያፍታታል፣ ለዐስር፣ ለከሰዓት በኋላው ሰላት፣ ተጣጥቦ ውዱእ የሚያደርግ ያደርጋል። መንገዱ ዳር ካለው የውሃ ቦኖ አጠገብ አንድ ሽማግሌ በቅሎ ይዘው ቆመዋል። ዙልፋ ከላይ ሆና እንደ ልማዷ ጠየቀቻቸው፤ ሽማግሌው ወጣት ሳሉ ከደሴ ወልድያ ይመላለሱ እንደነበር፣ መርሳ ላይ መስኮት ድረስ እምታቀብል አንዲት ረጅም ሴት እንደሚያስታውሱ ነገሯት። ዙልፋ ከመኪናው ወረደች። ነኢማ ትንሿን ልጅ እያጠባች ነበር፤ እማ አትራቂ አለቻት። መኪናዎቹ ድንገት ተንቀሳቀሱ፤ ከኋላ ያለው ጥሩንባውን ይነፋል፤ ነኢማ ብትጮህ፣ የአይሱዙውን ጣራ ብትደበድብ፣ ሾፌሩ የቆመው ብዙ ርቆ ነው። ልጆቿን ለሰው ሰጥታ እየሮጠች ስትመለስ ቦኖው አጠገብ ሽማግሌውም እናቷም የሉም።

እዚያ ሻይ የምታፈላ ሴት የሰማችውን ነግራታለች። ዙልፋ ሽማግሌውን የጠየቀችው አንድ ነገር ነበር፤ በየት ወገን ነው ያዩዋት ብላ። ሽማግሌው መልሰውላት እንደሆነ ሴትዮዋ አልሰማችም፤ ሻይ እየቀዳች ነበር። ነኢማ ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ውርጌሳ ሄዳለች፤ የበቅሎውን ባለቤት የሚያውቅ ሰው አላገኘችም።

ዙልፋ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው በነሐሴ 2014 ዓ.ም.፣ ዐስር ሰላት ሲደርስ፣ ውርጌሳ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ካለው ቦኖ አጠገብ ነው።